የጅቡቲው ባቡር መርዶ

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰዓት አይገዛም እንል ነበር፤ ባቡሩ ይነግረዋላ። የጅቡቲው ባቡር ሲነሳ ይጮኻል፣ ሲገባም ይጮኻል። እኛ ልጆቹ በዚያ ጩኸት እንነቃለን፣ በዚያ ጩኸት ምሳ እንበላለን፣ በዚያው ጩኸት ከጨዋታ እንጠራለን። ባቡሩ የዘገየ ቀን ከተማው እንዳለ ይዘገያል፤ የሚቆጣም የለም።

እናቴ የምትኖረው ድሬዳዋ ነው ከምል ባቡሩ ላይ ነው ብል ይቀለኛል። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገችኝ ጅቡቲ እየተመላለሰች በመነገድ ነው። ስትሄድ አትክልት ይዛ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ጨርቅ፣ ሽቶና ፔርሙስ ይዛ ትመለሳለች። ስትሄድ ቀጭን ሴት ናት፤ ስትመለስ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደራርባ ጉልበቷን ማጠፍ አቅቷት ከፉርጎው ትወርዳለች። ዕቃ የሚፈትሹት ፊናንሶች ያውቋታል። አንዱ፣ “እናቴ፣ ዛሬም ጅቡቲ ተስማምቶሻል” ሲላት፣ “አቦ፣ የባሕር አየር ነው የሚያወፍረኝ!” ትለዋለች። እሱ ያውቃል፤ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች። ሁለቱም ይስቃሉ።

ከዚህች ደፋር ሴት ማህፀን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ እኔ ግን ፈሪ ነኝ። በልጅነቴ የፊናንስ መለዮ ሳይ ሰው ጀርባ እደበቅ ነበር። በጤና ረዳትነት ተመርቄ የምደባ ዕጣ ስናወጣ ጂንካ ደረሰኝ። እናቴ ስሙን ሰምታው አታውቅም።

“በየትኛው ባቡር ነው የምትሄጂው?” አለችኝ።

“ባቡር የለውም።”

“ባቡር የሌለው አገር ሰው ይኖርበታል?” ብላ ሻንጣዬን ማሰር ጀመረች።

እንዳለችውም ጂንካ ባቡር አልነበረውም። መንገዱም ቢሆን ዝናብ ሲበረታና የወይጦ ወንዝ ሲሞላ ይዘጋል። አለኝ የሚለው አይሮፕላኑን ነው። ማረፊያው ከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ሆኖ፣ አይሮፕላን በሌለበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዳኮታ የሚባለው አይሮፕላን ድምፁ ሲሰማ ዱላ የያዘ ሁሉ ሮጦ ከብቱን ያባርራል፤ ከዚያ ከተማው ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ ለማየት ሜዳው ዳር ይሰለፋል። እኔም እሰለፋለሁ። ፉጨት የለው፣ ሐዲድ የለው፣ ግን ከወዲያ የሚመጣ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ሁለቱም ከተሞች ጠረፍ ይባላሉ። ድሬዳዋ ላይ ጠረፍ ማለት ሰው የሚያልፍበት፣ አትራፊ የሚያተርፍበት ቦታ ነው። ጂንካ ላይ ግን፣ በተለይ እኔ በሄድኩበት በአብዮቱ ዘመን፣ ጠረፍ ማለት “ማን ተሻገረ?” የሚባልበት ነው። ክሊኒካችን ውስጥ አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር፤ ሳቂታ፣ ዘፈን የሚወድ ልጅ። ወንድሙ ወደ ኬንያ ተሻግሮ ቀረ የሚል ወሬ ተሰማ። አንድ ጠዋት ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጥተው፣ “ለጥያቄ ትፈለጋለህ” ብለው ከማይክሮስኮፑ አስነስተው ወሰዱት። ሻዩን አልጨረሰም ነበር። የት እንደደረሰ የጠየቀ ሰው የለም። ብርጭቆውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ የሶማሊያ ጦርነት ፈነዳ። የባቡሩ መስመር መቆረጡን እንደማንኛውም ሰው ሰማሁ። ድልድይ ፈርሷል፣ ፉርጎ ተቃጥሏል ይባላል። ከዚያ በኋላ አርባ ምንጭ የምትሠራ አንዲት ነርስ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ በዳኮታው መጣች። ክሊኒኩ ጓሮ ይዛኝ ሄደች። አንድ የድሬ ሾፌር አግኝታ ነበር። እናቴ መስመሩ ከመቆረጡ በፊት በሄደው በመጨረሻው ባቡር ተሳፍራለች። ባቡሩ ጠረፉ ላይ ያለችውን ደወሌን አልፏል የሚል አለ፤ አይ፣ ሳይደርስ መንገድ ላይ ነው የተመታው የሚልም አለ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም።

ፍርሃቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሆነ። ሞታ እንደሆነ እናቴን አጣሁ። በሕይወት ካለች ደግሞ ያለችው ጅቡቲ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ከአገር የወጣ ሰው ነጋዴ ይሁን ምን ማንም አይመረምርም፣ ኮብልሏል ነው የሚባለው። የኮብላይ ልጅ ምን እንደምትሆን ደግሞ ከማይክሮስኮፑ ወንበር ባዶነት አይቻለሁ። ስለዚህ ላለቅስም፣ ልጠይቅም አልቻልኩም። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ፣ ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱ የእስላም ነጋዴ ባለቤት፣ ጠዋት ጠዋት “እናትሽ እንዴት ናቸው?” ይሉኛል። እትዬ ነው የምላቸው። “ደህና ናት፣ እትዬ” እላለሁ። ይህን ሁለት ቃል ለማለት ከቤት ሳልወጣ በፊት እለማመደው ነበር።

በዚያ ዘመን ሌላው ሰው የሚፈራው ሌሊቱን ነው። እኔ ንጋቱን ነበር የምፈራው። መርዶ በስንት ሰዓት እንደሚነገር የማያውቅ አበሻ የለም። ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ሳይበላና ሥራ ሳይገባ፣ ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ደጅህ ይቆማሉ። ሲታዩ ያበቃል፤ መናገር አያስፈልጋቸውም። እኔም ማለዳ በሩን ከመክፈቴ በፊት በቀዳዳው አጮልቄ ደጁን አያለሁ። ባዶ ከሆነ “ተመስገን፣ ዛሬም አልሞተችም” ብዬ ፊቴን እታጠባለሁ።

አንድ የጥቅምት ማለዳ፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሳ፣ በእንቅልፍ ልቤ ይሁን በድካም ሳላጮልቅ ውሃ በጣሳ ይዤ ወጣሁ። ቀና ስል አጥሩ በር ላይ ሰዎች ቆመዋል። ሽማግሌ አሉ፣ ጎልማሶች አሉ፣ ሁለት ሴቶች አሉ። ሁሉም ነጭ ጋቢና ነጠላ ተከናንበዋል። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። የሚናገር የለም።

ጣሳው ከእጄ ወደቀ። የጮኽኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት ጉሮሮዬ ሲያመኝ ነው።

“እናቴን! ባቡሩ በላሽ ወይ! ጅቡቲ ቀረሽ ወይ! ደወሌ ላይ ማን ውሃ አጠጣሽ!”

መሬት ላይ ነበርኩ፣ ደረቴን እየመታሁ። እትዬ ሻሻቸውን እንኳ ሳያስሩ እየሮጡ መጡ፤ ደጁ ላይ የቆሙትን ሲያዩ ነገሩ ገባቸውና እሳቸውም እሪ አሉ። ከኋላቸው ሰፈሩ ጎረፈ። ደጅ ላይ የነበሩት እንግዶችም ገቡ። ሁለቱ ሴቶች አጠገቤ ቁጭ ብለው በአገሬው ቋንቋ፣ በአሪኛ፣ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እንዲህ የሚያለቅሱልኝ አሟሟቷ ምን ያህል ቢከፋ ነው እያልኩ ባሰብኝ።

ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። ደጋው ላይ ያለችው የገዘር ገበሬ ናቸው፣ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው።

“ልጄ፣ ማነው የሞተ?”

“እናንተ ንገሩኝ እንጂ!” አልኳቸው።

“እኛ?” አሉ ደንግጠው። “እኛ ማር ነው ያመጣነው።”

ያኔ አወቅኋቸው። ከሁለቱ ሴቶች የታናሺቱ ልጅ በሳንባ ምች ታሞ ክሊኒክ ተኝቶ ነበር፤ ያከምኩት እኔ ነኝ፤ ድኖ ሄዷል። ዘመዶቿ ተሰብስበው ሊያመሰግኑኝ ነው የመጡት። የቅዳሜ ገበያ ሳይቆም፣ እኔም ሥራ ሳልገባ ሊደርሱ ከገዘር ገስግሰው መጡ። የተከናነቡት ስለበረዳቸው ነው። ዝም ያሉት ሽማግሌው እስኪናገሩ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ እኔ ግቡ እስክል ይጠብቁ ነበር። እኔ መርዶ አመጡ ብዬ አለቀስኩ፤ እነሱ ለቅሶ ቤት ደረስን ብለው አለቀሱ። እትዬና ሰፈሩ ሁለታችንንም አይተው አለቀሱ።

እናቴ አልሞተችም! ወይም ማንም ሞተች አላለም። ደስታው ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ፤ አፌንም ለሳቅ የከፈትኩ ይመስለኛል። ቀና ስል ግን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ አጥሩ በር ላይ ቆሟል። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቅኩም።

“ለማነው የሚለቀሰው?” አለ።

የዛሬ ልጆች ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ አይገባቸውም። በዚያ ዘመን በየከተማው የተገደለ ልጇን ማልቀስ የተከለከለች እናት ነበረች። ለቅሶ መልስ ያስፈልገው ነበር። ማንም አልሞተም ብዬ ብመልስ፣ ታዲያ ምን ያስጮህሻል ይላል። በስህተት ነው ብል፣ ምን ብትጠብቂ ነው የተሳሳትሽው ይላል። ጅቡቲ ብዬ የጮኽኩትን ደግሞ ሰፈር ሰምቶታል። ዞሬ እትዬን አየኋቸው።

እትዬ ጉዳዩን በግማሽ ጆሮ ሰምተው ነበር። ፊቴን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ ከዚያ እኔን እቅፍ አድርገው ወደ ጠባቂው ዞሩ።

“እናቷ ሞተውባት ነው፣ ልጄ። ድሬዳዋ። ታመው ነበር።”

እናቴ ጂንካ ላይ የሞተችው በዚህች ቅጽበት ነው።

“ጅቡቲ ስትል ሰምቻለሁ” አለ ጠባቂው።

“ሙሾ ነዋ!” አሉ እትዬ በቁጣ። “የሟች መንገዷ ሁሉ አይጠራም? የባቡር አገር ሰው ድሮ ጅቡቲ ደርሳ ብትመጣ ምን ይገርማል? አንተ እናትህ ስትሞት እህቶችህ ምን ምን አላሉም?”

ጠባቂው ትንሽ አሰበ። ቀጥሎ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሰውየውን ከተማው ያውቃቸዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቷል፣ እሳቸውም ሁለተኛ እንዳትሰበስብ ተብለዋል። ሰው ሁሉ የሚናገርላቸው አንድ ነገር ቢኖር ግን በሐሰት አለመመስከራቸው ነው፤ ቢገድሏቸውም አይዋሹም ይባላል። አሁን የሚያድነኝ ውሸት ብቻ ነበር።

“አንተ ነህ መርዶውን ያመጣኸው?”

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ፣ አዞሩ።

“እኛ ነን የመጣነው” አሉ በመጨረሻ። “ጠዋት መጣን። ልጅቷ እኛን አየች፣ አለቀሰች። እኛም አለቀስን።”

“ሴትዮዋ መቼ ሞቱ?”

“እኔ ድሬዳዋን አላውቅም” አሉ። ከተናገሩት ውስጥ ሐሰት የሆነ አልነበረም።

ጠባቂው ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደገፈ። “እግዜር ያጽናሽ” አለኝና እንደ ለቀስተኛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ፤ ቢሄድ ይሻለኝ ነበር። እሱ ቁጭ ብሎ እያየኝ ማልቀስ ነበረብኝ። አለቀስኩ። የሰፈሩ ዕድር ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ የክሊኒኩ ባልደረቦቼ መጡ። ሦስት ቀን ሙሉ በሕይወት ትኑር አትኑር የማላውቃትን እናቴን ቀበርኳት። አንዷ ሴት “አፈሩ ይቅለላቸው” ባለች ቁጥር ሟርት ነው እያልኩ ነጠላዬ ስር አማትባለሁ። እንባው ግን ውሸት አልነበረም፤ ከብዙ ወራት ወዲህ ማልቀስ የተፈቀደልኝ ያኔ ነበር።

ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት እጄን ያዙ። “እኔ ለእግዚአብሔር ነግሬያለሁ” አሉኝ። “አንቺ ለሰው አትናገሪ።”

መስመሩ ተጠግኖ ባቡሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ አንድ አስተማሪ ወደ ጂንካ ተዛውሮ መጣ፤ ድሬዳዋ የሰፈሬ ልጅ ነው። ሊታከም ክሊኒክ ገባ፤ ወረፋ የሚጠብቀው በሽተኛ አግዳሚ ወንበሩን ሞልቶታል። እኔን ሲያይ ፊቱ በራ።

“አቦ! እናትሽኮ ሰላም ብላሻለች! ከጅቡቲ በ…”

የያዝኩትን የሙቀት መለኪያ አፉ ውስጥ ሻጥ አደረግኩት። “እንዳትናገር፣ ይሰበራል” አልኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። ከኋላው የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየሁ፤ የሰማ የሚመስል አልነበረም። ጓዳ አስገብቼ በሹክሹክታ ነገርኩት፤ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ። እሱ እንደነገረኝ፣ እናቴ ጅቡቲ አንዲት የአገሯ ልጅ ቤት ተጠግታ፣ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች፣ መንገድ ሲከፈት መጀመሪያ በተሳፈሩት መሀል ገብታለች። በሕይወት አለች፤ ድሬ ናት። እኔ ግን እፎይ ማለት አልቻልኩም። አሁን ከሞት ብትነሳ ገደል የምትከተው እኔን ብቻ አይደለም። እትዬ ዋሽተዋል፤ ሽማግሌው ዝም ብለዋል። እሳቸውን ለማሰር ሰበብ የሚፈልግ ደግሞ ሞልቷል።

ፈቃድ አግኝቼ ድሬ ስሄድ ሁሉንም ነገርኳት። እንደምትቆጣ ነበር የጠበቅኩት። “የቁም ተዝካሬን አወጣሽልኝ በይዋ!” ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “ንፍሮው ጨው ነበረው?” አለችኝ። ዋል አደር ስትል ግን ነገሩ ገባት። ልጄ የምትኖርበትን አገር ሳላይ ልሞት ነው ማለት ጀመረች። ካገባሁና ከወለድኩ በኋላማ ባሰባት። ልጁን እኔ ነኝ ወደ እሷ የምወስደው፤ አራስ ቤቴን አላየችም፣ ገንፎ አላገነፋችልኝም። “በአይሮፕላን አንድ ቀን ዱብ እልልሻለሁ፤ ፊናንስ ያላስቆመኝን ቀበሌ ያስቆመኛል?” ትለኛለች። እየቀለደች ነው። ባትቀልድስ?

አይሮፕላኑ በመጣ ቁጥር ሜዳው ዳር መሰለፌን አልተውኩም፤ ምክንያቴ ግን ተለወጠ። ከበሩ የምትወርድ በዕድሜ የገፋች ሴት ባየሁ ቁጥር ጠጋ ብዬ ፊቷን አያለሁ። ያቺ ወፈር ያለችው እሷ ብትሆንስ? ከብዙ ሰው መሀል “አቦ ልጄ!” ብላ ብትጮኽስ? አብዮት ጠባቂው በቀበሌው ውስጥ ሹመት አግኝቶ ነበር፤ እሱም እናቱን በዚያ ሰሞን የቀበረ ኖሮ፣ ባገኘኝ ቁጥር እንደ እህት ነው የሚያየኝ። “እኛ እናት የሌለን” ይለኛል። አንገቴን እነቀንቃለሁ። ልጅ እናቷ ስትመጣ ትደሰታለች፤ እኔ መንገደኛው ሁሉ ወርዶ አልቆ እሷ አለመኖሯን ሳይ ነበር የምደሰተው።

በእውነት የሞተችው ደርግ ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከድሬ ወሬውን ይዞ የመጣው ያ አስተማሪ ነው። እንዴት እንደሚነግረኝ ጨንቆት እንደነበር ገባኝ። ሽማግሌ ሊሰበስብ አይችልም፤ ማን ሞተ ብሎ? ማለዳ ደጄ ሊቆም አይችልም። በቀትር፣ ክሊኒኩ ጓሮ፣ ልብስ ማስጫው አጠገብ መጣና ቆመ። “እናትሽ…” አለ።

“ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል” አልኩት። ለእናቴ ሞት መጀመሪያ ያልኩት ቃል ይህ ነው።

ወደ ውስጥ ተመልሼ ሥራ እስኪያበቃ መርፌ ወጋሁ። ቤቴ ስገባ ባሌና ልጄ አልነበሩም። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ትራስ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። እትዬ በምን እንዳወቁ አላውቅም፤ ሲመሽ በጓሮ በኩል ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። አርጅተዋል። ጀርባዬን እያሹ “ቀስ፣ ቀስ” ይሉኛል፤ እሳቸውም ያለ ድምፅ ያለቅሳሉ። ሌላ የመጣ የለም። ጂንካ እናቴን ድንኳን ተክሎ አልቅሶ ጨርሷታል።

በማግስቱ ዓይኔ አብጦ ሥራ ገባሁ። ወረፋ የያዘ አንድ ሽማግሌ አይቶኝ፣ “ምን ሆንሽ፣ ልጄ?” አለኝ።

“ጉንፋን ነው” አልኩት።

“እግዜር ይማርሽ” አለኝ።